የተከፈተው ፍሪጅ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ለዜና የምሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደቡ ጋ ነው። ያን ቀን ግን የሄድኩት ወደ አንድ የምህንድስና ክፍል ነበር። መምህርቷ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው የሐረር ነጋዴዎች ልጅ ናት። ሰሌዳውን በቀመር ከመሙላት ይልቅ ስሌት የማይፈልግ ጥያቄ ትሰጣለች። ተማሪው መልሱን በጣቱ ያሳያል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይህን «ጨዋታ» ይለው ነበር። የዕለቱን ትምህርት ሊታዘብ የመጣውም ለዚሁ ነው፤ ካልጣመው ወደ ቀመሯ ትመለሳለች።

ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፦ እኔ፣ ኃላፊው፣ እና ለዓመታት በአዲስ አበባ መንገድ ከባድ መኪና የነዳ ኢትዮጵያዊ ተማሪ። ኃላፊው ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛ እንደ ልቡ ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ዙሪያውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የፍሪጁን በር ከፍተን ብንተወው ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል ወይስ አይለወጥም? አንድ ጣት፣ ሁለት፣ ሦስት።

በዚህ ከተማ ሐምሌ ላይ ፍሪጅ ከፍቶ ፊት ለፊቱ ያልቆመ ሰው አላውቅም። አንድ ጣት አወጣሁ። ኃላፊውም አንድ፣ ክፍሉም ከሞላ ጎደል አንድ። ሾፌሩ ብቻ ሁለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙቀቱ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?» አለው ኃላፊው።

«ሙሴ» አለው ሾፌሩ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ «ጌታዬ» ለማለት፤ «እኔ አትክልት በማቀዝቀዣ መኪና አመላልሻለሁ። ውስጡ በረዶ ነው፤ ማሽኑ ወደ ውጭ የሚተፋው ግን እሳት!»

«እሱማ ወደ ውጭ ነው።»

«የፍሪጁስ ጀርባ የት ነው ያለው? እዚሁ ክፍል ውስጥ! ከፊት የወሰደውን ሙቀት ከኋላ ይመልሰዋል፤ ሞተሩ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል።»

«ታዲያ ፊቴን ለምን ያቀዘቅዘኛል?»

«እርስዎንማ ያቀዘቅዛል። ከጀርባው የተቀመጠውን ይጠይቁ።»

በፈረንሳይኛና በሶማልኛ ክፍሉ ሁሉ ይንጫጫል። መምህርቷ በወንበሮቹ መሀል እየዞረች ትሰማለች። ሁለተኛው ምርጫ ሲመጣ ጣቱ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነ። እኔም ስህተቴን ማረም የሙያዬ ግዴታ ነውና ሁለት አወጣሁ። ኃላፊው እጁን ትንሽ አየት አድርጎ ሁለተኛውን ጣት ጨመረ።

ሲወጣ መምህርቷ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ምዕራፉ በጊዜው ማለቅ አለበት» አላት።

«ያልቃል።»

«እንግዲያው ቀጥዪ።» ወደ እኔና ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ለባለቤቴ ግን ማንም እንዳይነግርብኝ። ሰሞኑን የፍሪጁ በር እንዳይዘጋ ስከራከራት የከረምኩት እኔ ነኝ።»