ጋቢ የለበሰችው ሣጥን

ከባለቤቴ ከጌታቸው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ከአንዲት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ላይ አቧራ መጥረግ ነበር። እሱ ሣጥኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ይዟል፤ እኔ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀዳዳዎቿን እጠርጋለሁ። አስነጠሰው። «ይማርህ» አልኩት። «እኔን ተይኝና ማዕዘኗን ጥረጊ» አለኝ። ከዚያ ምሳ በላን፤ ሽሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ።

ይኸው አምስት ወር ሆነ፤ አቧራው ተመልሶ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት የጌታቸው የአክስት ልጅ ጥሩነሽ ከጋፋት ደወለችልኝ። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣ «ተራሽ አለፈ ልልሽ አልደወልኩም» አለች። «ግን ካመጣሽልኝ፣ ዘንድሮ ጋቢ አላለብሳትም።» ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼም ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

የወጣትነት ትዝታሽን ጻፊ ብባል የምጽፈው ይህንኑ ነው። ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር።

ጌታቸው ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ እንደወጣ፣ ዓለም ሁሉ የሚሰበሰብበት ትልቁ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ገባ። በየማለዳው ስለ ጉና ተራራ ደመና ይጽፋል። «ጉና ዛሬ ነጠላውን አጣፍቷል፤ ገብስ ያጨዳችሁ ቶሎ ክመሩ።» የሚያነቡት ግን ገብስ አጫጆች አልነበሩም። አንድ ቀን ላማችን ጠፋችና ፎቶዋን አወጣ። የማናውቃቸው ሰዎች «አሜን» አሉ። አንዱ «ነፍሷን ይማር» አለ። ሌላው ቀንዷን አይቶ የየት አገር ዘር እንደሆነች ተናገረ፤ በዚህ ስድብ ተጀመረ። ላሟ ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ እግሯ ገባች። ጌታቸው «ተገኝታለች፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቢጽፍ የሰማው የለም፤ ስድቡ እስከ ሁዳዴ መያዣ ቀጠለ።

«የአንበሳሜ ገበያ እንኳ ሲመሽ ይበተናል» አለ።

በመጨረሻ ገጹ ራሱ ተዘጋበት። አቤት እንዳንል ደጁ የት እንደሆነ አናውቅም። የሦስት ዓመት ደመና አብሮ ሄደ። ያን ሰሞን ጌታቸው ጠዋት ይነሳና ጉናን አይቶ፣ የሚነግረው አጥቶ ተመልሶ ይተኛል።

የእህቴ ልጅ ሰላም ባሕር ዳር ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለፋሲካ ስትመጣ ሣጥኗን ይዛ መጣች።

«ይህች ትንሽ ኮምፒውተር የራሳችሁ መንደር ናት ጋሼ። በስልካችሁ የምትጽፉት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላም ቦታ እንዲህ ያሉ መንደሮች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ትጠያየቃላችሁ። የሁሉም የበላይ የሚባል ግን የለም።»

ጌታቸው ጢሙን ዳበሰ። «እንደ ደብር ነዋ። ሁሉም የየራሱ አለቃ አለው፤ ለንግሥ ይገናኛል።»

«ልክ ነው!»

«እንግዲያው ማኅበር ነው። ማኅበር ከሆነ ተራ አለው። በየወሩ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ትዞራለች።»

ሰላም ራሷን ያዘች። «ኧረ ጋሼ፣ እሷ አትዞርም! ተሰክታ አንድ ቦታ ነው የምትቀመጠው።»

«አንድ ቤት የከረመ ዕቃ ባለቤት ያበጃል ልጄ። እዚያስ በሩን የቆለፈብን ባለቤቱ አይደል?»

ልጅቱ አሰካኳን አሳየችን። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርተን ሰባት ቤት ሆንን። ገሳይ ላይ ሱቅ ያላቸው አቶ እንድሪስ ተራ መኖሩን ሲሰሙ፣ «የእናንተን ማኅበር ሳልቀምስ አረጀሁ፤ በዚህችስ ደጋሽ ነኝ» አሉ።

በኅዳር ተራው ለጥሩነሽ ደረሰ። እንደ ማኅበር ጽዋ በነጠላ ሸፍነን ወሰድንላት፤ በእልልታ ተቀበለችን። ሰክተንላት ተመለስን። በሁለተኛው ቀን መንደራችን ጠፋ። የማንም ስልክ አይከፍተውም፤ የጥሩነሽ ስልክም አይነሳም። የጌታቸው ፊት ገጹ የተዘጋበት ቀን የነበረውን መሰለ። «ይህም ሄደ?» ብቻ አለኝ።

በእግር ወጣን። በመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ የታጨደ ገብስ ይሸታል። ጌታቸው አንዴም ወደ ጉና ቀና አላለም። ስንደርስ ስድስቱም ቤት ቀድሞን ተሰብስቧል፤ አቶ እንድሪስ ሳይቀሩ ከገሳይ በሚኒባስ መጥተዋል። ሣጥኗ ምድጃው አጠገብ ሞሰብ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሞሰቡ ተከድኖ፣ በላዩ ሙሉ ጋቢ ተደርቦበታል። ገልጬ እጄን ባሳርፍባት እንደ ትኩስ ድንች ፈጀችኝ።

«ጥሩዬ፣ ምን አደረግሻት?» አለ ጌታቸው።

«ምን አደርጋታለሁ! እንግዳ እያንዘፈዘፍኩ ላሳድር? ሌሊቱን ሙሉ ስታንጎራጉር ብርድ መስሎኝ!»

«ማቀዝቀዣዋ ነው እኮ የሚያንጎራጉረው! እየሞቀኝ ነው ማለቷ ነው።»

«ታዲያ እንደ ሰው ሞቀኝ አትልም?»

«ጋፋት ከመድፉ ዘመን ጀምሮ ብረት ማቅለጥ መቼም አይተውም» አሉ አቶ እንድሪስ።

እስክትበርድ መጠበቅ ግድ ሆነ። ጥሩነሽ እያጉረመረመች ድንች ቀቀለች፤ በአዋዜ በላን። በስልክ ብቻ ስንጠያየቅ የከረምን ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ጌታቸው አልበላም። ሣጥኗን በባርኔጣው ያራግባታል።

ሲሰካት አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስልኩን ከፍቶ ወደ ታች፣ ወደ ታች ሄደ፤ የጻፈው ደመና ሁሉ ቦታው ላይ አለ። እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ፦ «ጉና ዛሬ ጥርት ብሏል። ሣጥኗ አልሞተችም፤ ጋቢ በዝቶባት ነው።» ክንድ በማይሞላ ርቀት የተቀመጡት አቶ እንድሪስ በስልካቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው መለሱለት። ያኔ ድንች አነሳ።

ሲሞት ተራው የእኛ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ስድስት ቤት ሲጠብቀኝ፣ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ሣጥኗን ከሰጠሁ የጻፈው ሁሉ ከቤቴ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነው። በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስታንጎራጉር ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ባለቤት አበጅታለች፤ ባለቤቷም እኔ ሆኛለሁ።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሳምንት አልፏል፤ አሁን ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። በመሃሉ ብሩሹን ፈልጌ ሣጥኗን ጠረግኳት፤ ማዕዘኗንም። በነጠላ ሸፍኜ ጋፋት ወሰድኳት። ጥሩነሽ በሩ ላይ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ጥቁር ልብሴን አየችና ተወችው።

«እልል በይ እንጂ፣ እንግዳ አይደለችም?» አልኳት።

ሣጥኗ አሁን ጋፋት ናት። በየማለዳው ደጅ ወጥቼ ጉናን አያለሁ፤ ደመናውን እጽፋለሁ።