በማንጎ እጅ ኪቦርድ አይነካም

እኔና ክልላችን እኩያ ነን። ክልሉ አዲስ ክልል ተብሎ ሰዉ ስሙን አጥርቶ መጥራት ሲለማመድ፣ እኔ ባምባሲ ላይ ጡት እጠባ ነበር። ስለዚህ «ገና አዲስ ናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ትደርሳላችሁ» የሚለውን ማጽናኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። አልወደውም። አሶሳ ላይ ኮምፒውተር ስማር ቡድናችን ከአገር አንደኛ ወጥቶ ኢትዮጵያን እንዲወክል ሲመረጥ፣ አዲስ አበባ ያሉት «ከየት? ከአሶሳ?» ብለው ደጋግመው ሲጠይቁ፣ አዎ ከአሶሳ፣ ምን ይሁን ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩ።

ውድድሩ ፕሮግራም የመጻፍ ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ እቅፍ ጥያቄ። መልሱ ተጽፎ ለዳኛው ማሽን ይላካል፤ ማሽኑ ወይ ይቀበላል ወይ ፊት ይነሳል። ለተፈታ ጥያቄ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ፊኛ ይታሰራል። ብዙ የፈታ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የጨረሰ። ያን ዓመት ለአፍሪካው ውድድር ከእኛና ከሱዳን አንዳችን ብቻ ስለምናልፍ፣ ለድንበሩ ቅርብ ነው ተብሎ ግጥሚያው አሶሳ ሆነ። ሱዳኖቹ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ገርፈውናል። እኔ ደግሞ ተመራቂ ነኝ፣ ለተመራቂ ሌላ ዓመት የለም። አሁን ካላለፍኩ መቼም አላልፍም። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

እንግዶቹ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ሲመጡ ላፕቶፓቸው መንገድ ላይ ተሰበረ። እኛም ያለን ደህና ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ስንለማመድበት የከረምነው። ከእሱ ሌላ የቀረው የክፍሉ ዴስክቶፕ ነው፣ እንደ ወፍጮ የሚጮኽ። ከቡድናችን አንዱ የአሶሳ የበርታ ልጅ ነው፤ ማንንም ሳያማክር ላፕቶፓችንን አንስቶ እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት።

«እንግዳ ናቸዋ።»

«ተጋጣሚ ናቸው!»

«ተጋጣሚ የሚሆኑት ሰዓቱ ሲጀምር ነው። እስከዚያ እንግዳ ናቸው።»

እኔ ስናደድ አማርኛዬና ኦሮምኛዬ ይደባለቃሉ። ያኔ ያወረድኩበትን ስድብ ሦስተኛው ጓደኛችን፣ ያ ዝምተኛ፣ እስካሁን እያስታወሰ ይስቅብኛል። ላፕቶፑ ግን ወደ እኛ አልተመለሰም።

የሱዳኖቹ አለቃ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ነጭ ሻሽ የጠመጠመች፣ እዚያው ሱዳን ዳማዚን ያደገች። በእናቷ በርታ ስለሆነች ከእኛ ልጅ ጋር በቋንቋቸው ወሬውን አስነኩት። ሰላም ስትለኝ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። ልጠላት አስቤ ነበር የመጣሁት፤ እንዲህ የምትስቅን ሰው እንዴት አድርጌ ልጥላት?

ሰዓቱ ሲጀምር ግን እንግድነቱ ቀረ። እነሱ አንድ ሲፈቱ እኛ አንድ፣ እኛ ስንቀድም እነሱ ሲደርሱብን፣ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ እኩል ፊኛ ነበር። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ናት። እነሱ በላኩ ቁጥር ማሽኑ ይመልስባቸዋል። እኔ መፍትሔዋ በርቶልኝ ጽፌ ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ የግንቦት ዝናብ ከነነጎድጓዱ መጣና መብራት ድርግም አለ።

«ያ ረቢ!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቭ አላደረግኩትም፤ የጻፍኩት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። የዳኛው ማሽን ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ስላለው ሰዓቱ ይሮጣል። ዳኛችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ መምህር ናቸው፤ ሕግ ሲነካ የራሳቸው ጥርስ የተነቀለ ያህል ያማቸዋል። «ሕጉ መብራት ሲሄድ ሰዓት ይቁም አይልም» አሉ። ጄኔሬተሩስ? ናፍጣ የለውም። እንግዶቹ ፊት ደግሞ ላፕቶፓችን፣ የገዛ ላፕቶፓችን፣ ቦግ ብሎ ያበራል። የበርታውን ልጅ በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

ይኼኔ የሱዳኗ ልጅ ላፕቶፑን ከደነችው። ወረቀቷን ገለበጠች፣ እስክሪብቶዋን ላዩ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን አጣጠፈች። ከጓደኞቿ አንዱ ብድግ ብሎ ጮኸባት፤ እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ የሆነ ነገር ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ተንኮል መስሎኛል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው?

«ምንድን ነው የምትለው?» አልኩት የእኛን ልጅ።

«ብርሃናቸውን ለእኛ ሰጥተው እነሱ ጨለማ ተቀምጠዋል፣ እስኪበራላቸው አንሠራም ነው የምትለው።»

እኔ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር። የከለከለኝ የለም። ግን እሷ እጇን አጣጥፋ እያየችኝ በምን ፊቴ ልጻፍ? እያጉረመረምኩ እኔም ወረቀቴን ገለበጥኩ።

የበርታው ልጅ እናት ቤታቸው ከግቢው አጥር ማዶ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ማንጎ በዘንቢል፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው ከች አሉ። የአሶሳ ማንጎ፣ ያውም በግንቦት! ሁላችንም በረንዳ ላይ ወጥተን ጭማቂው እስከ ክርናችን እየወረደ መጠጥነው። ዳኛው ሳይቀሩ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ተቀላቀሉ። ያ የጮኸው የሱዳን ልጅ የእነሱ አገር ማንጎ ይበልጣል ብሎ ድርቅ አለ፤ የእኛው ዝምተኛ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ተሟገተው። እንዲያ ስቄ አላውቅም። ውድድሩን እንደ ረሳሁት የገባኝ መብራቱ ሲመጣ ነው።

ሁላችንም ተነስተን ወደ በሩ ሮጥን፤ እጃችንን አየንና ቆምን። በማንጎ እጅ ኪቦርድ አይነካም፤ ፊደሉ ሁሉ ይጣበቃል። ቧንቧው ደርቋል፣ ያለችው የእናትየው ማንቆርቆሪያ ብቻ ናት። ፈጥኜ አፈፍ አደረግኳትና ለራሴ ላፈስ ሳዘነብል፦

«አንተ! እንግዳ መጀመሪያ!» አሉኝ እናትየው። እኔ ሴት ነኝ፣ በእሳቸው አማርኛ ግን ሴትም ወንድም «አንተ» ነው፤ ቁጣቸው ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

ጥርሴን ነክሼ ለሱዳኗ ልጅ አስታጠብኳት። ከሁላችን እጇ የጸዳ እሷ ብቻ ናት፤ ሮጣ ብትገባ ማን ይደርስባታል? ጓደኞቿም «ሂጂ እንጂ!» በሚል ዓይነት ይጮኹባታል። እሷ ግን ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ተቀበለችና ለእኔ ታፈስልኝ ጀመር። ቀስ እያለች፣ እስከ ክርኔ ድረስ።

«ይበቃል፣ ሂጂ!» አልኳት በአማርኛ። አልሰማችኝም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። አጥርታ ሳታስታጥበኝ አልተንቀሳቀሰችም።

እኩል ገባን። የጠፋውን ከጭንቅላቴ እየለቀምኩ ጻፍኩት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብኝ እጄን እየያዝኩ። ላክሁት። ማሽኑ ተቀበለ! ጩኸቴን ሳልጨርስ ከእነሱም ጠረጴዛ ጩኸት ተነሳ፤ የእነሱንም ተቀብሏል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ሰዓቱን አዩ። የቀደምነው እኛ ነን። የቀደምነውም ሰው እጁን በሚታጠብባት ጊዜ ያህል ነው።

አለፍን! ዳኛውን ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ መሬት መርገጤንም እንጃ። ከሁሉ አስቀድማ እልል ያለችልን የሱዳኗ ልጅ ነበረች። ወደ እሷ ሄድኩና የበርታውን ልጅ፣ «እስቲ ንገርልኝ። ይሄ የመጨረሻ ዓመቴ ነው፣ ባታስታጥበኝ ኖሮ ቀርቼ ነበር በላት» አልኩት።

ነገራት። እየሳቀች የሆነ ነገር መለሰች። እሱ ግን መተርጎሙን ትቶ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ምን አለች? ንገረኝ እንጂ!»

«የእኔም የመጨረሻዬ ነበር ነው የምትለው።»

አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች ትስቃለች። እናትየው በበሩ ብቅ ብለው ልጃቸውን፣ «ይሄ ልጅ አሸነፈ አይደለም? ታዲያ ምን ሆነ፣ ለምን ያለቅሳል?» እያሉ ይጠይቁታል።