ዋኘው ያለ ዜማ የተናገረ ዕለት

ዋኘው ሲያዜም ሌላ ሰው ነበር። እንፍራንዝ አጠገብ በምትገኘው ደብሩ ቆሞ ሲቀድስ ድምፁ ከቅጽሩ አልፎ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያን ከወጣ በኋላ ግን ሰው ፊት ሁለት ቃል አከታትሎ ለመናገር ላብ ያጠምቀዋል። የመንደሩ ሰው «ቄስ ዋኘው ሸጋ ልጅ ነው፤ ብቻ አፉ የሚፈታው በግእዝ ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። አማርኛው የሚፈታለት ከሚስቱ ከሰብለ ወንጌል ጋር ሲሆን ብቻ ነው። ከእሷ ጋር ከተቀመጠ ወሬው ማለቂያ የለውም።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ ጃንሆይ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የሚያስከፍቱበት ዘመን ነው። ጎንደር ላይ የካህናት ኮሌጅ ተቋቁሞ ከየአጥቢያው ወጣት ቄስ ይላክ ሲባል፣ ደብሩ ዋኘውን መረጠ። ሁለት ዓመት ከቤት መራቁ ከብዶት ሰብለ ፊት አንገቱን ደፋ።

«ምነው፣ ይሂዱ እንጂ!» አለችው። «እኔስ እግር የለኝም? ገበያ ስመጣ አላይዎትም?» ስንቁን ቋጥራ ሸኘችው።

ኮሌጁ የነበረው ከከተማው በላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። ዋኘው ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በልጅነቱ ዜማ ሲማር በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ ያደገባት ከተማ ናት። አሁን ግን ምግቡ ራሱ ተሰናድቶ ጠበቀው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ደወል ተደውሎ «ግቡ፣ ብሉ» ሲባል፣ ከአዲሶቹ ተማሪዎች አንዱ የማን ተዝካር እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

አልጋው ደግሞ ባለ ፎቅ ነው። ከታች የጎንደር ከተማ ልጅ የሆነው ቀልደኛው ዲያቆን ቢያዝን ተኛ፤ ላይኛው ለዋኘው ደረሰው። ዋኘው ወድቆ እንዳይሰበር ፈርቶ ወገቡን በመቀነቱ ከአልጋው ብረት ጋር አሰረ። በማግሥቱ ጠዋት የማንቂያው ደወል ሲያቃጭል መታሰሩን ረስቶ ዘለለ፤ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቢያዝን ዓይኑን ሲገልጥ አፍንጫው ሥር የሚወዛወዝ የቄስ እግር አየ።

«አያ ዋኘው፣ ዕርገት ዛሬ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዋኘው ራሱ እዚያው እንደ ተሰቀለ እየሳቀ አስቸገራቸውና ቋጠሮውን ለመፍታት ሦስት ሰው አስፈለገ። ከዚያ ወዲያ እሱና ቢያዝን አልተለያዩም። ሒሳቡን ቢያዝን ያስረዳዋል፤ እሱ ለቢያዝን ዜማ ያቃናለታል። ማታ ማታ ከትምህርት ሲወጡ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ኳስ ይራገጣሉ። አንድ ጊዜ ዋኘው በግንባሩ ሊመታ ሲዘል ጥምጣሙ ተፈትቶ ከኳሱ ጋር ጎል ገባ፤ ጎሉ ይቆጠራል አይቆጠርም እየተባለ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከሩበት።

ያልሆነለት ስብከት ነው። የስብከት መምህሩ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ «ሕዝቡ ግእዙን አይሰማም። ወንጌሉን በቤቱ ቋንቋ ንገሩት» ይላሉ። ዋኘው ተራው ሲደርስ ይቆማል። «ወንድሞቼ» ሊል አፉን ሲከፍት ቃሉ ከፍ ዝቅ ብሎ፣ ተስቦ፣ በዜማ ይወጣል።

«ቄስ ዋኘው፣ ዜማህ ግሩም ነው» አሉት መሪጌታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። «ግን ገበሬውን አናግረው እንጂ አትቀድስበት።»

ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አዜመ። ወራት አለፉ፣ ሁለተኛው ዓመት ገባ፤ ዋኘው ያው ነው። ከመመረቁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አደባባይ ላይ አንድ ጊዜ መስበክ አለበትና ዋኘው ቀኑን በፍርሃት ይቆጥር ጀመር።

በኅዳር ሰብለ ገበያ መጥታ ልትጠይቀው ጎራ አለች። ግቢው ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ዋኘው የዚያን አልጋ ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ያወራላት ጀመር። ተነሥቶ ይዘልላል፣ እንደ ተንጠለጠለ ሰው እጁን ያወራጫል፣ የቢያዝንን ድምፅ ያወጣል። ሰብለ ሆዷን ይዛ «ኧረ ይተዉኝ! ገደሉኝ!» ትላለች። በዚያ የሚያልፉ ተማሪዎች አንድ በአንድ ቆሙ። መሪጌታም በመስኮት ብቅ ብለው ከሰሙ በኋላ ወረዱ።

«ይኼ የኛው ዋኘው ነው?»

ዋኘው ደንግጦ ተቀመጠ። መሪጌታ ወደ ሰብለ ዞሩ። «ልጄ፣ ለጥምቀት ትመጫለሽ?»

«እንዴታ፣ አባቴ! ጥምቀትማ እንዴት እቀራለሁ?»

«እንግዲያው ዋኘው የሚሰብከው በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ነው።» የዋኘው ፊት ሲገረጣ አይተው ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «ሕዝቡን ተወው። ለእሷ ንገራት።»

ጥር አሥራ ሁለት ቀን ቀሐ በሰው ተሞልቶ ነበር። የገጠሩ ሰው በሙሉ ነጭ ለብሶ ወርዷል፤ የከተማው ሰው ጥላውን ዘርግቷል። ዋኘው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። «ወንድሞቼ» አለ፤ ተስቦ በዜማ ወጣ። ከኋላው የቆመው ቢያዝን ሳቁን ለማፈን የራሱን ነጠላ ነከሰ። ዋኘው አቋረጠው። ሰው መተያየት ሲጀምር ዓይኑ ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ሰብለ ላይ አረፈ። አገጯን ቀና አድርጋ «እህስ?» እንደምትል ታየዋለች።

«አንቺ ሰብለ፣» አለ ሳያስበው፣ «ሠርግ ቤት ጠላ ሲያልቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያት። ሰብለ ክው አለች፤ ግን አፏ ቀደማት። «የኛ ሠርግ ላይስ አልቆ አልነበረም?»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ዋኘውም ሳቀ፤ ሲስቅ አፉ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም። የቃናውን ሠርግ እንፍራንዝ አመጣው። ዳሱን ጣለው፣ ሚዜዎቹን አስጨፈራቸው፣ የሙሽራውን አባት ባዶውን ጋን ጎንበስ ብሎ እንዲያይ አደረገው። እመቤታችን የቤቱን ጭንቀት ከሁሉ ቀድማ እንዴት እንዳወቀችው፣ ደጋሹን ሳታሳፍር ልጇ ጆሮ እንዴት እንደ ነገረችው ተረከ። «እንግዳው መጠጥ አምጡ ይላል፣ እኛ ውኃ እንቀዳለን!» እያሉ የሚያጉረመርሙትን አገልጋዮች ሲያስመስል የውኃ መቅዳትን ድካም የሚያውቁት፣ ከፊት የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። ውኃው ወይን ሲሆን እልልታው ቀለጠ። አንድም ቃል አልተዜመም።

ሲወርድ አያ አለነ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉት። «ልጄ፣ ይኸን ወንጌል ዕድሜዬን ሙሉ ሰማሁት። ሠርግ መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ብቻ ይስቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ዋኘው ሰብለን ፒያሳ ወስዶ ሻይ ቤት አስገባት። ሰብለ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከብርጭቆው ፉት እያለች ተቆጣችው።

«ጠላችን ማለቁን ለጎንደር ሕዝብ አስነገሩኝ!»

«እኔ ጠየቅሁ እንጂ መቼ ተናገርሁ?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባለ ቦርሳ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ቀሐ ነበርሁ፣ አባ» አለ። «ቀጥሎ መቼ ነው የሚሰብኩት?»

ዋኘው ሰብለን አያት፤ ሰብለም አየችው።

«ለመድኃኔ ዓለም» አለች ሰብለ ፈጠን ብላ፤ መሪጌታን ሳታማክር፣ እሱንም ሳትጠይቅ።