የእናቴ ጫማ በማልታ

ከቶሮንቶ ማልታ ድረስ የሄድነው በእናቴ ምክንያት ነው። እኔን ያማረኝ ኩባ ሄዶ አሸዋ ላይ መጋደም ነበር፤ እሷ ግን «ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባትን ደሴት ሳላይ አልሞትም» አለች፤ አለቀ።

እዚያ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ሰው በጫማው ነው የሚገባው» አልኳት።

«ታዲያ ይግባ! እኔ ምን አገባኝ?» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደጁን ተሳልማ ገባች።

እኔ በጫማዬ ተከትያት ገብቼ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ራቅ ብዬ፣ የማላውቃት መስዬ ቆምኩ። ጭንቀቴ ግን አልለቀቀኝም። ጫማው ቶሮንቶ ውስጥ የዳንፎርዝ ጎዳናን ሱቆች ዞሬ ዞሬ የገዛሁላት አዲስ ነው፤ ከተሰረቀ ደሴቲቱን በባዶ እግሯ ልትዞር ነው። እሷ እንደሆነ መስገድ ጀምራ ዓለሙን ረስታዋለች። በዚህ መሃል አንድ አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ገባ።

አላስቻለኝም፤ ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ጫማዋ አለ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ሠላሳ የሚሆን ጫማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰልፏል። አፌን ከፍቼ ሳይ፣ በካልሲ የቆመች አንዲት ፈረንጅ ባልቴት እግሬን ገላምጣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«የኔ ልጅ፣ ለቦታው ትንሽ ክብር ይኑርህ እንጂ!»