የካምቢዮ ዘይት ሽምግልና

እኔን መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማረችኝ መኪናዬ ናት፤ እሷም በዱላ ነው ያስተማረችኝ። ከሚሴ ውስጥ የአሮጌ አውቶማቲክ መኪና አመል ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ፣ በሬ ክፍት ነው። መኪናዋ ከትልቋ ልጄ ትበልጣለች። ልጄ ተድራ ወልዳለች፣ መኪናዋ ግን እስከ ዛሬ እኔው ጋ ናት። ድሮ ነጭ ነበረች አሉ። እኔ ስገዛት የሻይ በወተት መልክ ነበራት፤ አሁን ወተቱ ቀንሷል።

ባለፈው በጋ እናቴ ባቲ ያለችውን ታላቅ እህቷን ማየት አለብኝ ብላ ተነሳች። አክስቴ ታማ ከተኛች ሰንብታለች። በስልክ ሲያወሩ ድምጿ በየጊዜው እየቀጠነ ሄደ። እናቴ ደግሞ ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች ወዲህ ሚኒባስ አይሆንላትም፤ እግሯን ዘርግታ ካልተቀመጠች ሕመሙ ያስጮኻታል። የኔ መኪና የፊት ወንበር ደግሞ እንደ አልጋ ነው የሚለጠጠው።

«የኔ ልጅ፣ ወይ ባንተ መኪና ሄጄ ዓይኗን አያለሁ፣ ወይ እዚሁ ቁጭ ብዬ መርዶዋን እሰማለሁ» አለችኝ።

«አብሽሪ እማ! ሰኞ ገበያው ሳይሞቅ ባቲ ነሽ» አልኳት። አፌ ሁልጊዜ ከመኪናዬ ይቀድማል።

መኪናዋ ግን በዚያ ሰሞን ዳገት ጠልታ ነበር። ሜዳው ላይ፣ ወደ ሰንበቴ ሲወረድ፣ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው። ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ስትል ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ የካምቢዮው ዘይት ነው። ዘይቱን በመለኪያው አውጥቼ በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ሳደርገው ቀይ መሆን ሲገባው ቡና መስሏል፣ ሽታው የተቃጠለ ሽንኩርት ነው። መቀየሩ ላይ ጥርጥር የለኝም። ጥፋቱ ነገሩን ለጀመዓ ማዋየቴ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ ቤት በርጫ ላይ ነበርን። ጫቱ ሳይመታ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሲመታ ቤቱ ሁሉ መሐንዲስ ነው። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ጎረቤቴ የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው። አፋር ድረስ እህል ሲያመላልስ ያረጀ ሰው ነው።

«ስማኝማ» አለ። «ያ ቀዩ ዘይትህ ውሃ ነው። ለደገኛ ነው የተሠራው። እኛ ቆላ ነን፣ ቆላ ወፍራም ዘይት ነው የሚፈልግ። እኔ የማደርገውን ወፍራሙን ጨምርባት፣ ዝም ትላለች።»

«ያንተ ካምቢዮ በጥርስ ነው የሚሠራ» አልኩት። «የኔ ማርሹን የሚይዘው በራሱ በዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ በጠባብ ጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ወፍራም ማድረግ ሕፃንን ገንፎ በጡጦ እንደ ማጥባት ነው።»

«ማርሽ ቀይሮ የማያውቅ ሰው ስለ ማርሽ ያወራል እንዴ? አንተ እኮ መሪ ይዘህ የምትቀመጥ ተሳፋሪ ነህ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥሩ ቀልድ የጠላት ቢሆንም አይታለፍም።

ከዚያ መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጃችን ጠርሙስ ይዞ ተነሳ። ይህ ሰው ለበርጫም ሸቀጡን ይዞ ነው የሚመጣው። «ወላሂ ዘይቱን ተዉት! ይህችን መድኃኒት ጠብ ማድረግ ነው። አሮጊት መኪና እንደ ኮረዳ ታስሮጣለች።»

«አንተስ ቀምሰሃታል?» አልኩት ቦርጩን እያየሁ።

ክርክሩ ጋለ። ገሚሱ የቀይ፣ ገሚሱ የወፍራም ወገን ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። እኝህ ሰው የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የደም ነገር ሳይቀር አስታርቀዋል። የእርቃቸው መንገድ አንድ ነው፤ ለዚህም ትንሽ፣ ለዚያም ትንሽ፣ ማንም አኩርፎ ከቤት አይወጣም።

«ጀመዓ፣ ስሙኝ። ሁለቱም ወንድሞቻችን ናቸው። ቀዩም ይግባ፣ ወፍራሙም ይግባ፣ እኩል ለእኩል። ጠርሙሷም ለምርቃት ትጨመር።»

«ጋሪዳ! ጋሪዳ!» አለ ቤቱ። በኦሮምኛ ደግ ተባለ ማለት ነው፣ ዳኝነቱ በሁለት ቋንቋ ጸደቀ።

እጅ ተዘረጋ፣ ለመኪናዬ ዱአ ተደረገ። እኔም አሚን አልኩ። እኛ አገር ደግሞ አሚን ካልክ በኋላ ይግባኝ የለም። የሽማግሌ ቃል የጣሰ ሰው ነገ ለሠርጉም ለቀብሩም ሰው አያገኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የድሮውን ዘይት አፈሰስኩ። የውሃ ላስቲክ ቆርጬ ማንቆርቆሪያ ሠራሁ። ሹፌሩ ወፍራሙን፣ እኔ ከሱቅ ያገኘሁትን ቀይ፣ ባለሱቁ ጠርሙሱን ይዘን እየተፈራረቅን «ቢስሚላህ» እያልን ጨመርን። ከዚያ ሞከርኳት። ማርሽ ሳስገባ ዝም። ታስባለች። ትመክራለች። ከዚያ ድንገት እንደ በቅሎ ትዘላለች። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ታያለች፣ የሰኞ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋለች። «ምን ሆነች?» አለች። «ደስታ ነው እማ» አልኩ።

ግን ተናደድኩ። ሰኞ ባቲ እገባለሁ ብያለሁ፣ እገባለሁ። የቀረኝ ዳኝነቱን ማስነሳት ነው፣ እሱም በክርክር አይሆንም። ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ መኪናዋ ራስዎን ካላየሁ ብላለች።»

የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች አጭር ዳገት ላይ ወሰድኳቸው። መኪናዋ አላሳፈረችኝም። ቆመች፣ ጮኸች፣ ዘለለች። ኮፍያቸው ከኋላ ወንበር ወደቀ።

«ሱብሃነላህ! ይህ ምንድን ነው?»

«እርቁ ነው አባባ። ሁለቱ ወገኖች ውስጥ ገብተው እየተማቱ ነው።»

እንደገና ዘለለች። «አውርደኝ! አውርደኝ!» አሉ። ወርደው ከዘራቸውን ተደግፈው መኪናዋን እንደ ነገረኛ ሰው አዩዋት፣ ኮፍያቸውን አራገፉ።

«ሰው ይታረቃል» አሉ። «ሰው ልብ አለው። ይህች ግን ልብ የላትም፣ ካምቢዮ ነው ያላት። ፍታቸው።»

«ፍች ነው አባባ?»

«ፍች ነው። ያ ሹፌር ከጠየቀህ እኔ አልኩ በለው።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። መኪናዋን በድንጋይ ከፍ አድርጌ ደግፌ ከሥሯ ገባሁ። ሹፌሩ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ያሾፋል። ዘይቱን እንዳፈሰስኩ የካምቢዮውን የዘይት ሳህን ብሎኖች ፈታሁ። «ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» አለኝ። «ፊልትሮ» አልኩት። «ካምቢዮ ፊልትሮ የለውም! ስንት ካምቢዮ ያወረድኩ ሰው ነኝ።» ሳህኑ ወረደ። ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ ተለጥፏል፣ የሴት ኩል ነው የሚመስለው። ጣቴ መሀል አሸሁት፤ ስብርባሪ ብረት የለበትም። አልሃምዱሊላህ፣ ካምቢዮው ገና አልሞተም። ከሱ በላይ ያለውን ፈትቼ ለሹፌሩ አቀበልኩት። ጠቁሮ፣ ቆሽሾ፣ ታፍኗል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሌለው ፊልትሮ ነው» አልኩት።

እሁድ ጠዋት አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል ጠቅልዬ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወጣሁ። የዘይቱ ዓይነት ራሱ መለኪያው ላይ ተቀርጿል፣ መነጽር ለሌለው ሰው ምስጢር ነው እንጂ። አንዱ ባለሱቅ ሌላ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ አወጣና «ቀይ ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። «ቀይ ሁሉ አንድ ከሆነ ሚስትህ በርበሬ ስታልቅ ቲማቲም ትጨምርላት» አልኩትና ወጣሁ። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያው ጽሑፍ ያለበትን፣ ክዳኑ ያልተነካ ዘይት አገኘሁ። ፊልትሮውንም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ፣ ቀዳዳውን በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ልኩን መረጥኩ። የሳህኑን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑንም ጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሳህኑን በቤንዚን አጥቤ፣ ማግኔቱን ወልውዬ፣ ፊልትሮውን አሰርኩ። ዘይቱን አንዴ ጨምሬ ትንሽ ነድቼ መልሼ አፈሰስኩት። ቅዳሜ የገባው ወፍራም ዘይት አንዴ ስላፈሰስከው አያልቅም፣ በካምቢዮው ሆድ ይቀራል፤ ልብስም እኮ አንዴ ነክረህ አትለቀው፣ ታለቀልቀዋለህ። ሁለተኛውን ሳስገባ ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ማርሹን አንድ በአንድ እየነካካሁ ነው የለካሁት። የኛው መለዋወጫ ሻጭ ጠርሙሱን ይዞ መጣ። «ትንሽ ጠብ አድርግባት፣ ለኔ ስትል።»

«ያረጀ ነገር ንጽሕና ነው የሚፈልገው፣ ቅመም አይደለም» አልኩት። ይህንን ስናገር ሰው በዝቶ ቢሰማኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሰማኝ እሱና አንዲት ፍየል ናቸው።

ሰኞ ከፈጅር በኋላ እናቴን ትራስ ደግፌ የፊት ወንበር ላይ አስተኛኋት። ሽማግሌው መጥተው በመስኮት በኩል ዱአ አደረጉላት፣ መኪናዋን ግን ራቅ ብለው ነው የባረኳት። የሐርቡን ዳገት ወጣን። ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ባቲ ታጠፍን። እዚያ ሽቅብ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ የከብት መንጋ መንገዱን ሞላው። ቆምኩ። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ነው እንግዲህ ያቺን መኪና ሲገድላት የነበረ። እናቴ መቁጠሪያዋን መቁጠር አቆመች።

«ቆመች?»

«እንግዳ እያሳለፈች ነው እማ።»

መንጋው አለፈ። እግሬን ቀስ አድርጌ ጫንኩ። መኪናዋ አላሰበችም፣ አልመከረችም፤ ያዘችና ወጣች። ጮኼ ልዘፍን ነበር፣ የእናቴን ዳሌ ፈርቼ ተውኩት።

ባቲ ስንገባ አክስቴን ትራስ አስደግፈው ቀና አደረጓት። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። ኋላ አክስቴ ዓይኗን ጠርጋ፣ በዚያችው በቀጠነች ድምጿ፣

«እንዲህ ባለ ዳሌሽ፣ ያን ሁሉ ዳገት በምን መጣሽ?» አለቻት።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከማግኔቱ ጀምሬ እስከ ፊልትሮው፣ ከዚያም የኮምቦልቻውን ባለሱቅ እንዴት እንዳሳፈርኩት፣ ሁሉንም በልኩ አዘጋጅቼ ነበር።

«በሽማግሌው ዱአ» አለች እናቴ።

«አልሃምዱሊላህ፣ አላህ ይቀበላቸው!» አለች አክስቴና የሁለቱም እጅ ተዘረጋ። ሁለቱም ወደኔ ዞረው ጠበቁ።

ምን ላድርግ? አሚን አልኩ።