ውጤቱ እስኪመጣ

ሾፌሩ ለኽዳር ቡዚያን ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል መኪና ነድቷል። ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱት ሽማግሌዎች ከሌላ ሾፌር ጋር አንሄድም ይሉ ነበር፤ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ወረርሽኙ ሲገባ ግን የበረዶ ሣጥን አሸከሙት። ምርመራው የሚሠራው አልጀርስ ብቻ ስለነበር፣ በሳምንት ሦስቴ ከሚኖርበት የበረሃ ከተማ ተነስቶ የአፍንጫ ናሙና ይዞ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ይነዳል። የሰፈሩ ሰው "የንፍጥ ፖስተኛ" ሲለው አብሮ ይስቅ ነበር።

የላቦራቶሪዋ ዘሂያ አትስቅም። ለሳንባ ነቀርሳ የመጣ መሣሪያ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለአዲሱ በሽታ የሚሆነው መመርመሪያ ቢላክላት በአንድ ሰዓት ውጤት ያወጣል። ለበላይ አካል አራት ጊዜ ጻፈች። አራቴም "ደብዳቤዎ ደርሶናል" አሏት።

በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት የለኽዳር ታናሽ ወንድም፣ ፍራሽ ሰፊው ኑዋር፣ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ እያለከለከ መጣ። በወረርሽኙ የተጠረጠሩት የሚቆዩበት ክፍል አስገቡት።

"ልቡ ነው ዶክተር፤ አባታችንም የሞተው በልብ ነው" አለ ለኽዳር፣ የልብ ሐኪሙን ደረጃ ላይ አስቁሞ።

"ሊሆን ይችላል። ግን ውጤቱ ሳይመጣ እኔ ክፍል አይገባም። መመሪያ ነው።"

"ውጤት በስንት ቀን እንደሚመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ አለ?"

ሐኪሙ ደረጃውን መውጣት ቀጠለ።

ለኽዳር ናሙናውን ይዞ ወጣ። ጾሙን ሳይፈታ አስር ሰዓት ሙሉ ነዳ። አልጀርስ ሲደርስ የምርመራ ማዕከሉ መስኮት ጋ ያለው ሰውዬ ቅጹን አገላብጦ መለሰለት።

"የጤና ቢሮው ማህተም የለበትም።"

"የወንድሜ ነው እኮ! ሰው እየሞተብኝ ነው!"

"ሐጂ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሰው ወንድም ነው። ማህተም።"

ማህተሙ በማግስቱ በፋክስ መጣ። ለኽዳር ሲመለስ ነዳጅ ማደያ ላይ ዘሂያ ደወለችለት። "አልሃምዱሊላህ በል" አለችው፤ ወንድሙ እንደሞተ ገባው።

ኑዋርን ሳያጥቡት በላስቲክ ጠቅልለው፣ ነጭ ቱታ የለበሱ አራት ሰዎች ቀበሩት። እናታቸው ከደጃፍ እንዳትወጣ ተከልክላ ነበር።

"አጥበውታል አይደል?" አለችው ለኽዳርን።

"አጥበውታል እማ።"

"ማን አጠበው?"

"የሚያውቁ ሰዎች።"

በአሥራ አንደኛው ቀን የውጤቱን ፖስታ ያመጣው ራሱ ለኽዳር ነው። ዘሂያ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆይታ አንዱን ለብቻው አወጣችና ሰጠችው። ኑዋር በሽታው አልነበረበትም።

ወረቀቱን ይዞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ።

"አላህ ይማረው" አለ ዳይሬክተሩ። "እኛ ግን ከመመሪያው አንድ ፊደል አልሳትንም።"

"አልሳታችሁም፤ እሱ ነው የሞተው። ወደ ድሮ ሥራዬ መልሱኝ።"

"ማን ይተካሃል? ይህን መንገድ እንዳንተ የሚያውቅ የለም።"

ኢማሙ ዘንድ ሄዶ መቃብሩ ተከፍቶ ወንድሙ ሊታጠብ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። አይሆንም፣ አላህ ያውቃል አሉት።

በማግስቱ ሃያ ስድስት ናሙና ጠበቀው። የማንንም ስም ሳያነብ ጭኖ ሄደ። ዘሂያ የጠየቀችው መመርመሪያ ከስድስት ወር በኋላ ደረሰ፤ ጊዜው ሊያልፍበት ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለምርመራው ምርቃት ፎቶግራፍ አንሺ መጣ፣ ኬክ ተቆረሰ። ለኽዳር ግቢ ውስጥ ጎማ ይቀይር ነበር፤ ና ሲሉት እጄ ቆሽሿል አለ።