የነጡት ኮራሎቼ

ባሌ ከቤት ባስወጣኝ በዓመቱ ስልክ ደወለልኝ። ቁጥሩን ሰርዤዋለሁ፤ ድምፁን ግን ገና "ሄሎ" ሲል ለየሁት።

"ኮራሎቹ ነጡ" አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። "መጥተሽ እያቸው።"

ያን ጊዜ ዳባት እህቴ ቤት ነበርኩ። ቶሎ እሺ አላልኩትም፤ ደስታዬ በድምፄ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ።

የተዋወቅነው ዱባይ ነው። እሱ ሹፌር፣ እኔ የጌጥ ዓሣና ኮራል የሚባለውን ባለቀለም የባሕር ፍጥረት በሚሸጥ ሱቅ ሠራተኛ። ተጋብተን አገራችን ገባንና ደባርቅ ላይ፣ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች የሚያድሩበት ሆቴል ከፈትን። መቀበያው ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አቆምን። ኮራሎቹን የሱቁ ባለቤት ነው መርቆ የሰጠኝ። ፈቃዳቸውን አስጨርሼ በአውሮፕላን ጎንደር አደረስኳቸው፤ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ መንገድ ላይ የኮሶዬ ብርድ እንዳይመታቸው በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ። ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ነበሩ። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ከጃናሞራ ወደ ገበያ ሲወርድ ገብቶ ያያቸው ነበር።

በኋላ ባሌ ሌላ ሴት አመጣ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የሁለታችንም ንስሐ አባት ከመሃል ነበሩ። ሆቴሉ ያረፈው በአባቱ ቦታ ላይ ስለሆነ ለእሱ ሆነ። እኔ ኮራሎቹን ብቻ ለመንኩ።

"ድንጋይ ነው እኮ የምትለምኚው!" ብሎ ሳቀ። "የሆቴሉ ጌጥ ናቸው፤ አይወጡም።"

ሽማግሌዎቹም "እንግዲህ ለቤቱ ይቅር" አሉ። ስወጣ ባሌ ዘበኛውን ሻንጣዬን እንዲበረብር አዘዘው። በመንገደኛ ፊት፣ በልብሴ መሃል እጁን እየሰደደ ፈተሸኝ። ያንን ቀን አልረሳሁትም፤ ለመርሳትም አልሞከርኩም።

እንግዲህ ሲደውልልኝ ሄድኩ።

ገንዳው አጥንት የተከመረበት ይመስል ነበር። እጄን ስከት ውሃው እንደ ገላ መታጠቢያ ሞቋል።

"ማሞቂያውን ማነው የጨመረው?"

"እኔ ነኝ። መንጣት ሲጀምሩ የደባርቅ ብርድ ነው ብዬ።"

ከላይ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ አዲስ መብራት ተሰቅሏል። ለእንግዳ እንዲያምር ብሎ ሌት ተቀን አያጠፋውም። የውሃውን ጨው ለካሁት፤ ደህና ነው። ሌላ መፈለግ አላስፈለገኝም። ያቃጠላቸው ሙቀቱና መብራቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በነጡ ቁጥር ማሞቂያውን ሲጨምርላቸው ከርሟል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት፣ ምግቡንም የሚያበስሉለት ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተክሎች ናቸው። ሲጨንቀው ያስወጣቸዋል፤ ያኔ ሥጋው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ከስር ነጩ አጥንት ይታያል። የነጣ ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። የሞተው ሥጋው ይላጥና አጥንቱ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያበቅላል።

የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁ። ስስ ሥጋቸው አንጸባረቀ። በላባ ጫፍ ስነካቸው ጥቃቅን ጣቶቻቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ተርበዋል እንጂ አሉ። አረንጓዴው የበቀለበት ከጥግ ያለው አንዱ ብቻ ነው።

"ሞቱ፣ አይደል?" አለኝ ከኋላዬ ቆሞ።

"ይኼኛው ሞቷል" አልኩት የጥጉን እያሳየሁ። ስለ ሌሎቹ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

"በቃ፣ ሁሉንም ሰብስበሽ ጣይልኝ። ሳይሸቱብኝ።"

ንስሐ አባታችን እዚያው አዳራሽ ሻይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "አባታችን፣ ይስሙልኝ። ነገ ንብረት ወሰደች እንዳልባል።"

"ወስደሽ ገደል ክተቻቸው አልኩሽ እኮ!" ብሎ ጮኸ ባሌ።

በባልዲ፣ ከነውሃቸው፣ ክዳን ገጥሜ ወሰድኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን አዞረ።

በእህቴ ዕቃ ቤት ትንሽ ገንዳ አዘጋጀሁ፤ ውሃውን ቀስ በቀስ አቀዘቀዝኩ፤ ደብዛዛ መብራት ሰቀልኩ፤ የደቀቀ ምግብ በመርፌ ጫፍ አጎረስኳቸው። መብራት ሲጠፋ አየር መንፊያውን ከባትሪ ጋር አያይዤ ገንዳውን በብርድ ልብስ እሸፍን ነበር። አዝኜላቸው ነው ብል እዋሻለሁ። እያንዳንዷን ጉርሻ የማጎርሳቸው የእሱን ፊት እያሰብኩ ነው። መጀመሪያ ከስራቸው ቡናማ ሆኑ፤ ከዚያ አረንጓዴው ተመለሰ፤ ሐምራዊው ከሁሉም ዘገየ።

ቀለማቸው ሲሞላ ደባርቅ፣ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወዳለው ኬክ ቤት ሄድኩ። ለባለቤቷ "ከመንገድ የሚታይ ግድግዳ ስጪኝ፤ እንግዳ አመጣልሻለሁ" አልኳት። ፈቀደች። ገንዳውን አቆምኩ። የእሱ እንግዶች ቁርሳቸውን ትተው አስፋልቱን እየተሻገሩ ይመጡ ጀመር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። እኔም እንዲያየኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

አንድ ጠዋት ዘው ብሎ ገባ። "እነዚህ የኔ ናቸው!"

"ያንተዎቹማ ሞተዋል" አልኩት፤ ከወንበሬ ሳልነሳ።

ሽማግሌ ሰበሰበ። ንስሐ አባታችን እስኪጨርስ ሰሙትና "ልጄ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አሉት። "ጣያቸው አልካት፤ የጣልከውን አነሳች። ምኑን ልፍረድልህ?" ፊቱ ሲቀላ አየሁ። እንደዚያን ቀን ምሳ ጣፍጦኝ የበላሁት የለም። እሱ በትልቁ ገንዳ የፕላስቲክ አበባ ሞልቶበታል አሉኝ፤ ሄጄ በመስኮት አየሁት፣ እውነት ነው።

በጾሙ መጀመሪያ ንስሐ አባቴ ኬክ ቤቱ መጡ። "በቀልሽን ተወጥተሻል፤ አሁን ይቅር በይው" አሉኝ።

"ይፍቱኝ አባቴ፤ ገና ነኝ።"

አልተቆጡኝም። በመስቀላቸው ባረኩኝና ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። "ይኼ ሐምራዊውስ ምን ይበላል?" ሲሉኝ ምግቡን አምጥቼ አሳየኋቸው።